ከእግር ሥር ያለ ውሃ፦ ስለ ታራዋ ደሴት የከርሰ ምድር ውሃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ደቡብ ታራዋ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል፤ ስለሚጠጡት ውሃ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እነሆ።

ታራዋ የት ነው? ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ታራዋ የኪሪባቲ ዋና ከተማ ያለችበት ደሴት ነው። ኪሪባቲ 33 ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን ታራዋ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ሰሜን ይገኛል። እንዲህ ያለውን ደሴት አቶል ይሉታል። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከገነቡት ድንጋይና ከእሱ ፍርፋሪ አሸዋ የተሠራ፣ መሃሉን ባሕር የያዘው ቀጭን መሬት ነው።

ቀጭን ስል የምሬን ነው። በብዙ ቦታ ከውቅያኖሱ ዳር ተነስታችሁ በእግር ብትሄዱ በአምስትና በስድስት ደቂቃ ከወዲያኛው ባሕር ትደርሳላችሁ። መሬቱ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ የሚለው በአብዛኛው ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ነው። ተራራ የለም፣ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም።

ወንዝ ከሌለ ውሃው ከየት ይመጣል?

ከዝናብ። በአማካይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። አዲስ አበባ ከምታገኘው እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። የወረደው ዝናብ አሸዋው ላይ አይቆምም፣ ወዲያው ይሰርጋል። ከመሬት አንድ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ይጠራቀማል። ባልዲ በገመድ አስሮ ማውጣት ይቻላል።

ችግሩ ዝናቡ አይታመንም። ላኒኛ የሚባለው የአየር ሁኔታ ሲመጣ ወራት ሙሉ ሰማዩ ደርቆ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 የነበረው ድርቅ በዚህ የመጣ ነው።

ዙሪያው ሁሉ ባሕር ሆኖ ውሃው እንዴት ጨው አይሆንም?

ወጥ ሲበስል ዘይቱ ከላይ ጠልሎ አይታችኋል። እዚህም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የዝናብ ውሃ ከባሕር ውሃ ቀለል ይላል። የአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ክብደት ከአንድ ሊትር የዝናብ ውሃ በ25 ግራም ገደማ ይበልጣል። በዚህች ትንሽ ልዩነት የዝናቡ ውሃ አሸዋው ውስጥ ባለው የባሕር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። መሃሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን ስለሆነ ባለሙያዎቹ ከመነጽር ሌንስ ጋር ያመሳስሉታል፤ «ሌንስ» ብለውም ይጠሩታል።

ይህን በስሌት ያስቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሆላንዳዊው ባዶን ጋይበን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ሄርዝበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901። ሄርዝበርግ የጻፈው በሰሜን ባሕር ካለችው ከኖርደርናይ ደሴት ጉድጓዶች ተነስቶ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጣፋጩ፣ ማለትም ጨው የሌለው ውሃ ከባሕር ወለል በላይ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ከወለሉ በታች 40 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 12 ሜትር ጥልቀት አለው ማለት ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ብታጎድሉ ከታች ውሎ አድሮ 40 ሴንቲ ሜትር ጨው ወደ ላይ ይወጣል።

በእርግጥ ጣፋጩና ጨዋማው በቢላ የተቆረጡ ያህል አይለያዩም። በመሃላቸው ቀስ እያለ ጨው እየጨመረ የሚሄድ ወፍራም ድብልቅ አለ። ስለዚህ በሥራ ላይ ስሌቱ የሚያሳየውን ያህል ጣፋጭ ውሃ አይገኝም።

ታዲያ ለምን ጠለቅ አድርገው አይቆፍሩም?

አገራችን ውስጥ ጉድጓድ ሲደርቅ ጠለቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ታራዋ ላይ ጠለቅ ባላችሁ ቁጥር ወደ ጨው ትጠጋላችሁ። አንድ ቦታ ላይ በኃይለኛ ፓምፕ ብትስቡም ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ ልክ ከፓምፑ ሥር እንደ ጉብታ ተነስቶ ይመጣል። አንዴ የመጣ ጨው ቶሎ አይመለስም።

ለዚህ ነው ውሃው እንደ ወተት ስልባቦት ከላይ ከላይ የሚገፈፈው። ታራዋ ላይ ለውሃ ማውጫ በተከለለው መሬት፣ በቦንሪኪ የውሃ ክልል የተሠራው እንዲህ ነው። እስከ ውሃው ደረጃ ድረስ ረጅም ቦይ ይቆፈራል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ይጋደምበታል። በጠጠር ይሸፈንና አፈሩ ይመለሳል። የአንዱ ቧንቧ ርዝመት 300 ሜትር ያህል ነው። መሃሉ ላይ ፓምፕ ያለበት ጉድጓድ አለ፤ ፓምፑ በዝግታ፣ ሳያቋርጥ ይስባል። በዚያ ሁሉ ርዝመት ላይ ስለሚከፋፈል ውሃው ዝቅ የሚለው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሣርና የኮኮናት ዛፍ፣ አልፎ አልፎም የሲሚንቶ ክዳን ነው የሚታየው። ሰዎች «እዚህ ምን አለ? ባዶ ቦታ አይደል?» የሚሉትም ለዚህ ነው።

በቀን ስንት ውሃ ማውጣት ይቻላል?

ዋናዎቹ የውሃ ክልሎች ሁለት ናቸው፤ ቦንሪኪና ቡኦታ። ሁለቱ ሳይጎዱ ሊሰጡ የሚችሉት ተደምሮ በቀን ከ2,000 ኪዩቢክ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን ለ60 ሺህ ሰው አካፍሉት። ለአንድ ሰው 30 ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፣ ማለትም አንድ ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለገላ፣ ለልብስ፣ ለሁሉም።

ያም ሁሉ ቤት አይደርስም። ብዙው በአሮጌ ቧንቧ በየመንገዱ ይፈሳል። ውሃው የሚለቀቀው በፈረቃ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው። ፈረቃ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ «ሌላ ጉድጓድ እንቆፍር» ከማለት በፊት የሚያፈሰውን ቧንቧ መጠገን ይቀድማል። የተጠገነ ቧንቧ አዲስ የውሃ ምንጭ እንደማግኘት ነው፤ ለዚያውም ሌንሱን የማይነካ።

ጨው እየገባ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ምላስ የሚነግረን ዘግይቶ ነው። በየውሃ ክልሉ መሬት ውስጥ የገቡ ቀጫጭን መለኪያ ቱቦዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የተለያየ ጥልቀት ላይ ያበቃል። ባለሙያው ከየቱቦው ትንሽ ውሃ ቀድቶ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ይለካል። ጨው በበዛ ቁጥር ማስተላለፉ ይጨምራል። በየጊዜው ከተለካ ጨዋማው ውሃ ስንት ሜትር እንደወጣ ይታወቃልና ፓምፑን ቀነስ ማድረግ ይቻላል።

ስንት ጨው ውሃን እንደሚያበላሽ ስታውቁ ግን ትደነግጣላችሁ። የውሃ ጣዕም መለወጥ የሚጀምረው ክሎራይድ በሊትር ወደ 250 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 19,000 ገደማ አለው። ስሌቱን ስሩት። 100 ሊትር ጥሩ ውሃ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል እንኳ የማይሞላ የባሕር ውሃ ሲገባ ሻዩ ጣዕሙ ይቀየራል።

ከጨው ሌላ ምን ያሰጋል?

ከላይ የሚወርደው። እኔን ከጨው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ ምክንያቱም ይህንን የምናመጣው እኛው ሰዎች ነን። አንድ ግቢ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። በኮራል ድንጋይ የተከበበ ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ከአፉ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አሳማ እግሩን ታስሮ ኮኮናት ዛፍ ሥር ተኝቷል። ከጓሮ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ የአያቶች መቃብር። አሸዋው ወንፊት ነው፤ ምንም አያስቀርም። ዝናብ ሲጥል ከላይ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ታራዋ ላይ ኮሌራ ገባ። ከዚያ በኋላ በዋና ዋናዎቹ ሰፈሮች ሽንት ቤቱ በባሕር ውሃ የሚታጠብበት የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ። ጣፋጩን ውሃ ለሽንት ቤት አለማባከን ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን መስመሩ ሁሉም ቤት አልደረሰም፣ ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ በጣም በዝቷል።

እኔ ልጅ እያለሁ እኛ ግቢ ጉድጓዱና ሽንት ቤቱ በስምንት እርምጃ ብቻ ነበር የሚራራቁት። ቆጥሬዋለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር አንዳችን ሆዳችንን እንታመም ነበር፤ እናቴ «የዝናቡ ብርድ ነው» ትል ነበር። ብርድ አልነበረም። ስለ ታራዋ ሳነብ መጀመሪያ የታወሰኝ ያ ግቢ ነው።

ውሃውን ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን መጨመር አይበቃም?

ለተዋህስያን ይበቃል፤ በደንብ ከተደረገ ኮሌራንም ይገድላል። ይህን ማድረግ አትተዉ።

ናይትሬትን ግን አያጠፋም። ናይትሬት ከሰውና ከአሳማ ቆሻሻ፣ ከማዳበሪያም ወደ ውሃው ይገባል። ሽታም ጣዕምም የለውም። ውሃው ሲፈላ የሚተነው ውሃው ስለሆነ ናይትሬቱ የባሰ ይጠነክራል። በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉ፣ የዱቄት ወተት በዚህ ውሃ ለሚበጠበጥላቸው ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ከንፈራቸው ይጠቁራል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ጨውም በመፍላትም በክሎሪንም አይወጣም። ከምንጩ መጠበቅ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁሉም ቤት ሮቶ አስቀምጦ የዝናብ ውሃ ቢያጠራቅምስ?

ማጠራቀም አለበት፣ የግድ። ቆርቆሮ ጣራና ጥሩ አሸንዳ ያለው ቤት ብዙ ውሃ ያገኛል። የማርሻል ደሴቶች ዋና ከተማ ማጁሮ የአውሮፕላን ማረፊያዋን አስፋልት ሳይቀር የዝናብ ውሃ መሰብሰቢያ አድርጋዋለች።

ግን ድርቅ ሲመጣ ሮቶ ብቻውን አያወጣም። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ እንበል፤ ቤተሰቡ ሰባት ሰው ነው፤ እያንዳንዱ 30 ሊትር ይጠቀማል። በቀን 210 ሊትር ማለት ነው። ሮቶው ሞልቶ እንኳ ከሃያ አራት ቀን በኋላ ባዶ ይሆናል። ድርቁ ግን ለወራት ይቆያል። ጎረቤት አገር ቱቫሉ በአብዛኛው በዝናብ ውሃ ነው የምትኖረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናብ ሲጠፋ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማወጅ ተገዳለች። ለእኔ ሮቶ የሰላሙ ጊዜ ውሃ ነው። ሌንሱ የክፉ ቀን ቀለብ ነው።

የባሕር ውሃ እያጣሩ መጠጣት አይቻልም? ዓረብ አገር እንደዚያ አይደል?

ልክ ነው። ባሕሬን ወይም ዱባይ ያላችሁ አንባቢዎች በየቀኑ የምትጠጡት በአብዛኛው ከባሕር የተጣራ ውሃ ነው። ለደቡብ ታራዋም በቀን 4,000 ኪዩቢክ ሜትር የሚያጣራ፣ ከፀሐይ ኃይል ጋር የተያያዘ ፕሮጀክት በዓለም አቀፍ አበዳሪዎችና ለጋሾች ገንዘብ ጸድቋል። የሕዝቡ ቁጥር የሌንሱን አቅም አልፏልና ያስፈልጋል።

ግን የማልዲቭስን ዋና ከተማ ማሌን እዩ። የከርሰ ምድር ውሃዋ ከመጠን በላይ ተስቦና በፍሳሽ ተበክሎ ለመጠጥ የማይሆን ሆነ። ከተማዋም ሙሉ በሙሉ በማጣሪያ ላይ ተደገፈች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2014 የማጣሪያው ጣቢያ ላይ እሳት ተነሳ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን የሚጠጣው አጣ። ህንድ በአውሮፕላንና በመርከብ ውሃ ላከች። ሰው ለታሸገ ውሃ ተሰለፈ። ታራዋ ደግሞ ከማሌም የባሰ ከዓለም ሩቅ ናት፤ ፈጥኖ የሚደርስላት ትልቅ ጎረቤትም አጠገቧ የለም። ማጣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ የሚጠጣው ያው የእግር ሥሩ ውሃ ነው።

ኮኮናት ዛፉ ብዙ ውሃ ይጠጣል ይባላል። ይቆረጥ?

ይጠጣል። ሥሩ ሌንሱ ድረስ ይወርዳል፤ አንድ ትልቅ ዛፍ በቀን 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። ፓምፖቹ ባሉበት አካባቢ ማሳሳቱ በስሌት ያዋጣል።

ዛፉ ግን ምግብ ነው፣ መጠጥ ነው፣ ጥላ ነው፣ የሚሸጥም ነው። አንድ ቤተሰብ ያለውን ዛፍ ቆርጦ በምትኩ የሚበላው ከሌለ ነገሩ አልተፈታም። እኔ ብጠየቅ የሚያፈሰው ቧንቧ ሳይጠገን ዛፍ አይነካም እላለሁ።

ማዕበል ደሴቱ ላይ ቢወጣ ውሃው እስከ መቼ ነው የሚበላሸው?

እ.ኤ.አ. በ2005 ፐርሲ የተባለው አውሎ ነፋስ በኩክ ደሴቶች ያለችውን ፑካፑካን በባሕር ውሃ አጥለቀለቃት። ሌንሱ ዳግም እስኪጠጣ ድረስ 11 ወር ገደማ ፈጅቷል። የጎደሬው ማሳም በጨው ተበላሸ። በእነዚህ ደሴቶች ጎደሬ የሚተከለው እስከ ውሃው ድረስ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የባሕር ውሃ መጀመሪያ የሚሞላውም እሱን ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሌንሱ ይሰርጋል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ጨዋማውን ውሃ በፓምፕ ስቦ ለመጨረስ ይጣደፋል። ይህ ከታች ያለውን ጨው ይጠራል። ጉድጓዱ ውስጥ የገባውን ቆሻሻና የባሕር ውሃ በዝግታ ማውጣት፣ ከዚያ ዝናቡ እንዲያጥበው መተው ይሻላል። እስከዚያው የሚጠጣው በሮቶ ያለው ነው።

የባሕር ወለል ከፍ እያለ ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ታዲያ ምን ይጠቅማል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ መልሱም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ባሕሩ ቀስ ብሎ ከፍ ሲል ሌንሱም አብሮት ከፍ ይላል፤ ከላዩ ደረቅ መሬት እስካለ ድረስ። ሌንሱን ይበልጥ የሚጎዳው የመሬቱ መጥበብና የማዕበሉ መደጋገም ነው። መሬቱ በጠበበ ቁጥር ሌንሱ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በማርሻል ደሴቶች ሮይ ናሙር በተባለች ደሴት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ማዕበል በየዓመቱ ቢወጣ ሌንሱ ለማገገም ጊዜ እንደማያገኝና ይህም በዚህ ምዕተ ዓመት አጋማሽ ብዙ አቶሎች ላይ ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ስለዚህ ለግንባታ ብሎ ከባሕር ዳር አሸዋ የሚዝቅ ሰው የሚዝቀው ውሃውን ጭምር ነው። ሃያ ሠላሳ ዓመት ደግሞ ትንሽ ጊዜ አይደለም። ዛሬ የተወለደ ልጅ ያድግበታል።

ውሃው ያለው በእኔ መሬት ሥር ነው። ለምን እኔ ልነሳ?

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይኼ ነው። መንግሥት ቦንሪኪንና ቡኦታን የውሃ ክልል ብሎ ለባለመሬቶቹ በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። በሕጉ እዚያ ቤት መሥራት፣ ማረስ፣ አሳማ ማርባት አይፈቀድም። ሰው ግን ገብቶ ይኖራል። አትክልት ይተከላል፣ ጠጠር ይወጣል፣ ሰው ይቀበራል።

ገብተው የሰፈሩትን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ኪሪባቲ ውስጥ መሬት ርስት ነው። ከአባት ከእናት የሚወረስ፣ አጥንት ያረፈበት። ለሺህ ቤተሰብ ውሃ እንዲደርስ ጥቂት ቤተሰብ ርስቱን ዝም ብሎ ይተው ማለት ፍትሕ አይመስለኝም። ከሩቅ ደሴቶች ሥራና ትምህርት ቤት ፍለጋ የመጣውስ ወዴት ይሂድ?

እኔ የምለው፣ ባለመሬቱ ከውሃው መጠቀም አለበት። ኪራዩ ኑሮ ሲወደድ አብሮ ይጨምር። ክልሉን የሚጠብቁትና ከመለኪያ ቱቦዎቹ የሚቀዱት የዚያው መሬት ልጆች ይሁኑ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው። ልኬቱም በቢሮ መዝገብ ታጥፎ አይቅር። ማኔአባ በሚባለው የመንደር መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ጨው በዚህ ወር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወጣ ይነገር። የመቃብሩ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። እሱን ቤተሰቡ ራሱ ይወስን፣ በራሱ ጊዜ፤ ቀባሪውም ቄሱም ባሉበት።